ወርቅ፣ ዶላር፣ አክሲዮን ወይስ ቤት? የመቶ ዓመቱ መዝገብ ምን ይላል

(ቅዳሜ ማታ በቴሌግራም ቀጥታ ስርጭታችን ላይ ያቀረብኩት ንግግር ነው። ኔትወርክ ለተቆራረጠባችሁ፣ "በጽሑፍ ለጥፍልን" ላላችሁም እነሆ። አንዳንድ ቦታ አስተካክዬዋለሁ እንጂ እንዳወራሁት ነው።)

ዛሬ ስለ ፖለቲካ አላወራም። ስለ ገንዘብ ነው። "ገንዘብ የሌለው ሰው ስለ ገንዘብ ያወራል" ብላችሁ ኮሜንት ላይ እንደምትጽፉ አውቃለሁ፤ ቀድሜ አምኛለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት አንዲት እህታችን በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። አራት ዓመት ሪያድ ሰው ቤት ሠርታ ነው የተመለሰችው። "ወንድሜ፣ አንተ ኢኮኖሚክስ ተምረሃል አይደል? ያጠራቀምኩትን ምን ላድርገው? ወርቅ ልግዛበት? ቦታ ልያዝበት? ወይስ ለሀገሬም ይጠቅማል፣ አክሲዮን ልግዛ? አንዱን ብቻ ንገረኝ" አለችኝ። ያስጨነቀችኝ "አንዱን ብቻ" የምትለዋ ናት። ተመርቄ ሁለተኛ ዓመቴን ሥራ ፍለጋ ላይ ያለሁ ሰው ነኝ። የሌላ ሰው የአራት ዓመት ላብ ላይ በአንድ ቃል መፍረድ ከበደኝ። "ትንሽ ጊዜ ስጪኝ" አልኳትና ማንበብ ጀመርኩ። ዛሬ የማካፍላችሁ ያነበብኩትን ነው። የኢንቨስትመንት አማካሪ ፈቃድ የለኝም፣ ደላላም አይደለሁም፣ ማንም አልከፈለኝም። ቢከፍሉኝማ ደስ ባለኝ።

አንድ ነገር ከመጀመሬ በፊት፦ "ዓ.ም." ካላልኩ በስተቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። እንዳትደባልቁት።

ለንደን ቢዝነስ ስኩል ውስጥ ዲምሰን፣ ማርሽ እና ስታውንተን የሚባሉ ሦስት ተመራማሪዎች አሉ። ከ1900 ጀምሮ የብዙ ሀገሮችን የአክሲዮን፣ የቦንድና የአጭር ጊዜ የመንግሥት ሰነድ ዋጋ ከየቤተ መዛግብቱ ለቅመው አንድ ላይ አሰባስበዋል። ከዚያ መዝገብ የሚወጣው ትልቁ ቁጥር ይኼ ነው፦ የአሜሪካ አክሲዮን፣ የዋጋ ግሽበት ተቀንሶለት፣ በዓመት በአማካይ 6.5 በመቶ አካባቢ አትርፏል። የረጅም ጊዜ የመንግሥት ቦንድ 1.7 በመቶ አካባቢ። የአጭር ጊዜው ሰነድ ግማሽ በመቶ ገደማ።

ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል አይደል? በመቶ ዓመት አስሉት። 1 ዶላር በ6.5 በመቶ ከ500 ዶላር በላይ ይሆናል። በ1.7 በመቶ 5 ዶላር ከምናምን። በግማሽ በመቶ 2 ዶላር እንኳ አይሞላም። ወለድ ወለድን ሲወልድ እንዲህ ነው የሚያደርገው።

"የዋጋ ግሽበት ተቀንሶለት" ያልኩትን ልብ በሉ። የዛሬው ንግግር ግማሹ እሱ ላይ ነው። እኛ ሀገር በደንብ እንዲገባን በጤፍ እንቁጠረው። በ2022 ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነበር። በ2022 የዋጋ ግሽበታችን ከ30 በመቶ በላይ ነበር። 100 ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 107 ብር ያወጣል፤ ጤፏ ግን ከ100 ወደ 130 ሄዳለች። እጁ ላይ ያለው የአምናው 82 ብር ነው ማለት ነው። የባንክ ደብተሩ "አተረፍክ" ይለዋል፣ መሶቡ "ከሰርክ" ይለዋል። ከአሁን በኋላ ትርፍ ስል በጤፍ የተቆጠረውን ማለቴ ነው።

እሺ፣ ታዲያ መዝገቡ አክሲዮን አሸነፈ ካለ ጉዳዩ አለቀ? እኔም መጀመሪያ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ለእህታችን "አክሲዮን ግዢ" ብዬ ልጽፍላት ሁሉ ነበር። እግዜር ይስጠው፣ ገጹን ገለጥ አድርጌ ቀጠልኩ።

6.5 በመቶው የአሜሪካ ነው። አሜሪካ ባለፈው ክፍለ ዘመን ዕድል የቀናት ሀገር ናት። በራሷ ምድር ላይ የዓለም ጦርነት አልተካሄደም፣ ንብረት የሚወርስ አብዮት አልመጣም። ከአሜሪካ ውጭ ያለው ዓለም አማካይ 4.3 በመቶ አካባቢ ነው። በመቶ ዓመት ሲሰላ ያቺ 1 ዶላር 500 መሆኗ ቀርቶ 67 ገደማ ትሆናለች። አማካይ ደግሞ ብዙ ነገር ይደብቃል። ሴንት ፒተርስበርግ በ1900 ትልቅ የአክሲዮን ገበያ ነበራት፤ በ1917 ባለአክሲዮኖቹ ዜሮ ሆኑ። ሻንጋይም ነበራት፤ በ1949 ዜሮ።

ሩቅ አንሂድ። በንጉሡ ጊዜ አዲስ አበባ ላይም አክሲዮን ይሸጥና ይለወጥ ነበር። በብሔራዊ ባንክ አማካኝነት የሚሠራ የአክሲዮን መገበያያ ቡድን ነበረን። ከዚያ 1967 ዓ.ም. መጣ። ታኅሣሥ ላይ ባንኮችና ኢንሹራንሶች፣ ጥር ላይ 72 ኩባንያዎች፣ የካቲት ላይ የገጠር መሬት፣ ሐምሌ ላይ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሱ። በስምንት ወር ውስጥ! የመሬት ላራሹን ጉዳይ ዛሬ አላነሳም፤ ሌላ ቀን እንጣላበታለን። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። "አክሲዮን ወረቀት ነው፣ ቤት ግን የሚጨበጥ ነው፣ የትም አይሄድም" የምንለው ነገር አለ አይደል? በአያቶቻችን ዕድሜ ወረቀቱም የሚጨበጠውም በአንድ ዓመት ሄደዋል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ትልቁ ችግር ስሙ ላይ ነው፤ ይዘኸው መሸሽ አትችልም።

አሁን ወደ ጃፓን ልውሰዳችሁ፤ እኔን በጣም የያዘኝ ይኼኛው ታሪክ ነው። ጃፓን ላይ አብዮት አልነበረም። ማንም ምንም አልወረሰም።

በ1980ዎቹ ጃፓን ማለት የዓለም መነጋገሪያ ነበረች። መኪናው፣ ቴሌቪዥኑ፣ ካሜራው። ሕዝቡ ታታሪ፣ ሀገሩን የሚወድ፣ ቆጣቢ። መንግሥት የሀገሪቱን የስልክ ድርጅት፣ ኤንቲቲን፣ ለሕዝብ በአክሲዮን ልሽጥ አለ። ፈላጊው ከመብዛቱ የተነሳ በዕጣ ነበር የተሸጠው። አንዱ አክሲዮን 1 ሚሊዮን 197 ሺህ የን። ገበያ ላይ የወጣው በየካቲት 1987 ነው፤ በሚያዝያ 3 ሚሊዮን 180 ሺህ የን ገባ። በሁለት ወር! የዓለም ትልቁ ኩባንያ ሆነ። ዕጣ የወጣለት ሰው ቤት ምን ዓይነት ደስታ እንደነበር እስቲ አስቡት። ኮንዶሚኒየም የወጣለት ሰው ሰፈር እንዴት እንደሚሆን የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ገበያው በሙሉ አብሮ ጋለበ። በ1989 የጃፓን አክሲዮን ገበያ ከመላው ዓለም ገበያ ከ40 በመቶ በላይ ነበር፤ ከአሜሪካ ይበልጥ ነበር። በ1989 የመጨረሻ የገበያ ቀን ኒኬይ የሚባለው ኢንዴክሳቸው 38,915 ላይ ዘጋ። ከዚያ ወረደ። ወረደ። በመጋቢት 2009፣ ማለትም ከ19 ዓመት በኋላ፣ 7,054 ነበር። የ1989ኙን ቁጥር ተመልሶ ያለፈው መቼ እንደሆነ ታውቃላችሁ? የካቲት 2024። 34 ዓመት ከምናምን። በ30 ዓመቱ የገዛ ጎረምሳ ገንዘቡ ሲመለስለት 64 ዓመቱ ነው። የትርፍ ድርሻ ይከፈለው ስለነበር በተግባር ትንሽ ቀደም ይላል፤ ግን ያው ፀጉሩ ሸብቷል። ኤንቲቲስ? በ1992 ዋጋው መጀመሪያ ለሕዝብ ከተሸጠበት ግማሽ እንኳ አይሆንም ነበር።

ጃፓናውያን ሰነፉ? አልሰነፉም። ሀገራቸውን መውደድ ተዉ? አልተዉም። ኩባንያዎቻቸው ጠፉ? ቶዮታ ዛሬም አለ፤ እናንተን ከሜክሲኮ ጀሞ የሚያመላልሳችሁ ሚኒባስ ምስክር ነው። ጥፋቱ ዋጋው ላይ ነበር። በ1989 ገዢዎች ኩባንያዎቹ በዓመት የሚያተርፉትን በአማካይ 60 እጥፍ ገደማ እየከፈሉ ነበር የሚገዙት። እስቲ በሱቅ አስቡት። በዓመት 100 ሺህ ብር የሚያተርፍ ሱቅ አለ። ባለቤቱ "በ6 ሚሊዮን ብር ውሰደው" ቢላችሁ ትስቃላችሁ። ሀገር በሙሉ ሲገዛ ግን አይሳቅም። ሰው ሁሉ የሚወደው ነገር ሲሆን ደግሞ የሱቁን ሂሳብ የሚጠይቅ ሰው እንደ ከሃዲ ይታያል።

እዚህ ጋ ቆም ልበል፤ ምክንያቱም እኛን የሚነካው እዚህ ጋ ነው። እኛ ሀገር ወዳድ ወጣቶች ነን እንላለን። ስለዚህ "የሀገርህን አክሲዮን ግዛ" ሲባል ልባችን ቶሎ ይሞቃል። ኢትዮ ቴሌኮም ከጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ 10 በመቶ ድርሻውን ለሕዝብ ሲያቀርብ ትዝ ይላችኋል? አንዱ አክሲዮን 300 ብር፣ ትንሹ መግዣ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር። በቴሌብር ነበር የሚሸጠው። በዚህ ገጽ ላይ "ያልገዛ ኢትዮጵያዊ አይደለም" የሚል ኮሜንት አንብቤያለሁ። በመጨረሻ ከቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ ገዢዎቹም ወደ 47 ሺህ ሰዎች። የኤንቲቲ ተገላቢጦሽ ማለት ነው። እዚያ ግርግር፣ እዚህ ቅዝቃዜ።

ቴሌ እንደ ኤንቲቲ ይወድቃል እያልኩ አይደለም። ያልተገዛ ነገር አንዳንዴ ርካሽ ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ ያልተገዛበት ምክንያት አለው። የገዛችሁትንም እንኳን ገዛችሁ ነው የምላችሁ። ግን የገዛችሁት "ለሀገሬ" ብላችሁ ከሆነ ያ ስጦታ ነው፣ ስጦታ ጥሩ ነገር ነው። "ለልጄ" ብላችሁ ከሆነ ደግሞ ሂሳብ ያስፈልገዋል፦ ድርጅቱ በአክሲዮን ስንት አተረፈ? ከዚያ ስንቱን ለባለአክሲዮን አከፋፈለ? ስትፈልጉ ለማን ትሸጡታላችሁ? ሁለቱን ኪስ አትደባልቁ።

ወርቅ ጋ እንምጣ። የእናቶቻችን ባንክ። ጣት ላይ ያለ፣ አንገት ላይ ያለ። በቅርቡ ደግሞ ወርቅ የገዛ ሁሉ ነቢይ ሆኗል፤ በጥቅምት 2025 አንድ ወቄት፣ የዓለም ገበያዋን አውንስ ማለቴ ነው፣ ከ4,000 ዶላር አለፈች። ስለዚህ "ወርቅ አይከስርም" የሚባለው ሃይማኖት ሆኗል።

መዝገቡን እንየው። ነሐሴ 1971 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን የዶላርንና የወርቅን ጋብቻ ሲያፈርስ ይፋዊ ዋጋው 35 ዶላር ነበር። ጥር 1980 ላይ 850 ዶላር ገባ። ያኔም ሰው ሁሉ ነቢይ ነበር። ከዚያ በ1999 ክረምት 250 ዶላር አካባቢ ወረደ። በ19 ዓመት ውስጥ ከ850 ወደ 250! ዶላሩ ራሱ በእነዚያ ዓመታት የመግዛት አቅሙን ከግማሽ በላይ አጥቷል። በጤፍ ቢቆጠር (አሜሪካኖቹ በስንዴ ይቁጠሩት) ከስድስት እጅ አምስቱ ጠፍቷል ማለት ነው።

አሁን የሚገርመውን ነገር ልንገራችሁ። ይህንኑ ወርቅ በብር አሰላሁት። በ1980 ዶላር በይፋ 2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበር። 850 ሲባዛ በ2.07፣ ወደ 1,760 ብር። በ1999 ዶላር ወደ 8 ብር ደርሷል። 250 ሲባዛ በ8፣ 2,000 ብር። አያችሁ? በዓለም ገበያ የወደቀው ወርቅ በእኛ ብር ሲታይ ጨምሯል! አያቴ "ወርቅ ወርዶ አያውቅም" ስትለኝ አልዋሸችኝም። ሁለቱን ዓመታት በብር ስናወዳድር አልወረደም። ወርቁ ሳይሆን ብሩ ነው የሄደው። ያኔ 850 ዶላሩን ራሱን ጨብጦ የቆየ ሰው በ1999 ሲመነዝረው ወደ 6,800 ብር ነበር የሚያገኘው፤ ከወርቁ ከሦስት እጥፍ በላይ።

ስለዚህ እኛ ሀገር "ቤት ጨመረ፣ ወርቅ ጨመረ፣ መኪና ጨመረ" የምንለው ነገር ውስጥ ምን ያህሉ የንብረቱ ጉልበት እንደሆነ፣ ምን ያህሉ የብር ድካም እንደሆነ መለየት አለብን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ 58 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያ ሰሞን እንደ ሚዳቋ የዘለለ ንብረት ሁሉ ባለበት ቆሞ ሊሆን ይችላል፤ መሬቱ ነው ከሥሩ የወረደው። አሮጌ መኪናውን ከገዛበት በላይ ሸጦ "ነጋዴ ሆንኩ" የሚለው ጎረቤታችን፣ በሸጠበት ብር ያቺኑ መኪና መልሶ መግዛት ይችል እንደሆነ ጠይቁት።

ቦንድ ላይ አልቆይም፤ እኛ ኪስ ውስጥ ስለሌለ። ብቻ አንድ ነገር ብታውቁ ጥሩ ነው። የአሜሪካ መንግሥት የ10 ዓመት ቦንድ በ1981 ወለዱ ከ15 በመቶ በላይ ነበር፤ ያኔ ማንም ሊነካው አልፈለገም፣ ምክንያቱም ከዚያ በፊት በነበሩት 30 እና 40 ዓመታት ቦንድ የያዘውን ሁሉ የዋጋ ግሽበት በልቶታል። ከዚያ ወለዱ እየወረደ፣ እየወረደ፣ በ2020 ግማሽ በመቶ ገደማ ደረሰ። ወለድ ሲወርድ የድሮው ቦንድ ዋጋ ይወጣል። ስለዚህ የተጠላው ቦንድ የ40 ዓመት ጉዞ ተጓዘ። ልክ ሁሉም "ቦንድ ሞኝ መከላከያ ነው፣ አክሲዮን ሲወድቅ እሱ ይይዝሃል" ማለት ሲጀምር 2022 መጣና ሁለቱም አብረው ወደቁ።

የአክሲዮን ዘርፎች ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። በ1900 ከአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ 63 በመቶው ባቡር ነበር። ባቡር! የዚያ ዘመን ቴክኖሎጂ እሱ ነበር። ዛሬ ባቡር ከገበያው አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። መኪና መጣ፣ አውሮፕላን መጣ። "አየህ፣ አሮጌውን ትተህ አዲሱን ግዛ" የሚል ትምህርት የምታወጡ ይመስላችኋል። እኔም እንደዚያ ልል ነበር። ነገር ግን ያው የለንደኖቹ መዝገብ የሚለው፣ እየጠበበ በሄደው ባቡር ላይ ገንዘቡን ያቆየ ሰው ከገበያው አማካይ የተሻለ አግኝቷል፤ ባቡርን ከገደሉት ከአየር መንገዶችም የተሻለ።

እንዴት ይሆናል? ምክንያቱም የዘርፉ ማደግና የገዢው ማትረፍ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አዲስ ዘርፍ ሁሉም ስለሚያየው ሁሉም ይገባበታል። አዳዲስ ኩባንያ በየቀኑ ይከፈታል፣ ዋጋው ቀድሞ ይሰቀላል፣ ተፎካካሪው ብዙ ነው፣ የሚያተርፈው መጨረሻ ላይ ተጠቃሚው ነው። ጄረሚ ሲገል የሚባሉ የዩኒቨርሲቲ መምህር ከ1950 እስከ 2003 ሁለት ኩባንያዎችን አወዳደሩ፦ አይቢኤምን፣ ማለትም የኮምፒዩተሩን ንጉሥ፣ እና የኒው ጀርሲውን ስታንዳርድ ኦይል፣ የዛሬውን ኤክሶን ሞቢል። በእድገት አይቢኤም በሁሉም መለኪያ ይበልጥ ነበር። ለባለአክሲዮኑ የበለጠ የከፈለው ግን የነዳጁ ነው፤ በዓመት 14.4 በመቶ ለ13.8። ምስጢሩ ሰው ነዳጁን ስለሰለቸው ዋጋው ርካሽ መሆኑ፣ የትርፍ ድርሻውም ጠቀም ያለ ስለነበር በየዓመቱ ሌላ አክሲዮን ይገዛ ስለነበር ነው። ከ1900 ወዲህ በአሜሪካ ከሁሉም በላይ ያስገኘው ዘርፍ ማን እንደሆነ ብነግራችሁ አትወዱትም። ትምባሆ። ሰው እየገደለ፣ በፍርድ ቤት እየተከሰሰ፣ በየዓመቱ 14 በመቶ ከምናምን። እኔ ብሞት አልገዛውም፤ ግን ቁጥሩን አልደብቃችሁም።

በተቃራኒው ሲስኮን እዩ። ኢንተርኔቱ የሚተላለፍበትን ዕቃ የሚሠራው ኩባንያ። በመጋቢት 2000 የዓለም ትልቁ ኩባንያ ነበር። የገዙት ሰዎች "ኢንተርኔት ዓለምን ይቀይራል" አሉ፤ ትክክል ነበሩ! ዓለም ተቀየረ፣ እኔና እናንተም ይኸው በእሱ እያወራን ነው። አክሲዮኑ ግን ከ80 በመቶ በላይ ወደቀ፤ የ2000ውን ዋጋ መልሶ ለማየት ከ20 ዓመት በላይ ፈጀበት። ትንቢቱ ደረሰ፣ ነቢዩ ከሰረ። ዛሬ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የምትምሉ ይህቺን ያዙልኝ።

"ታዲያ ጎበዙን ኩባንያ መርጬ እገዛለኋ!" የሚል አለ። ሄንድሪክ ቤሴምባይንደር የሚባሉ የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ከ1926 እስከ 2016 አሜሪካ ገበያ ላይ የተሸጡ ከ25 ሺህ በላይ ኩባንያዎችን አንድ በአንድ ቆጠሩ። ከግማሽ የሚበልጡት በሕይወት ዘመናቸው ከአጭር ጊዜ የመንግሥት ሰነድ ያነሰ ነው ያስገኙት። የገበያው ትርፍ በሙሉ፣ ከሰነዱ በላይ ያለው ማለቴ ነው፣ የመጣው ከ100 አራት ገደማ ከሚሆኑት ኩባንያዎች ነው። አንዱን ብቻ ለሚመርጥ ሰው 96 ጊዜ መሳት አለ ማለት ነው። አሜሪካኖቹ ለዚህ ያገኙት መፍትሔ ገበያውን በሙሉ በጥቂት በጥቂቱ የሚገዛ ቅርጫት ነው፤ ጆን ቦግል በ1976 ለተራው ሰው አቀረበው፣ ኢንዴክስ ፈንድ ይሉታል። ዲሲና ዳላስ ያላችሁ ወንድም እህቶች፣ ከደመወዛችሁ የሚቆረጠው ፎር ኦ ዋን ኬይ ውስጥ ይኼ ነገር ሊኖር ይችላል። ዝም ብላችሁ ፈርማችሁበት ከሆነ አንድ ቀን ከፍታችሁ እዩት።

እኛ ጋስ? የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ተከፈተ። መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው፣ ተከትሎም ገዳ ባንክ። ሁለቱም ባንክ። ገበያው ገና ጨቅላ ነው፤ ከገበያው ውጭም ቢሆን ሰው እጅ ያለው አክሲዮን አብዛኛው የባንክ ነው። ስለዚህ "እኔ በታትኜ ነው የገዛሁት፣ የአምስት ባንክ አክሲዮን አለኝ" የሚል ሰው ስሰማ የ1900ውን የባቡር ገበያ አስታውሳለሁ። አምስቱም የሚያበድሩት በአንድ ብር፣ በአንድ ኢኮኖሚ፣ በአንድ ብሔራዊ ባንክ ሥር ነው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብድር እድገት በዓመት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ሲል ትእዛዙ የወረደው በሁሉም ላይ በአንድ ጊዜ ነው። አምስት እንቁላል፣ አምስት ስም፣ አንድ ቅርጫት።

ባንክ "በስመ ዋጋው 30 በመቶ ትርፍ ድርሻ ከፈልኩ" ሲልም አትደንግጡ። የ1,000 ብሩን አክሲዮን ከሰው እጅ በ1,800 የገዛችሁት ከሆነ 30ው ወደ 17 ወረደ። ከዚያ ጤፉን ቀንሱ።

አንድ የማይጥማችሁ ነገር ልበልና ልጨርስ። ሥራችን፣ ሥራ ካለን፣ እዚህ ሀገር ነው። ቤተሰባችን እዚህ ነው። ገንዘባችን ብር ነው። ሀገሪቱ ስትታመም እነዚህ ሁሉ አብረው ይታመማሉ። ያለንን ጥሪት በሙሉ በዚያው ላይ ስንጨምር በአንድ ፈረስ ላይ አራተኛ ጊዜ እየተወራረድን ነው። ይህን ማለት ሀገር መጥላት አይደለም። ወታደር እንኳ ስንቁን በሙሉ አንድ ጉድጓድ ውስጥ አይቀብርም። ውጭ ሀገር አክሲዮን እንዳንገዛ ደግሞ የውጭ ምንዛሬ ሕጉ ለተራው ሰው በሩን አይከፍትም። እንግዲህ የሚቀረን እዚሁ ውስጥ ሆኖ አንድ ላይ የማይወድቁ ነገሮችን መያዝ ነው፦ ትንሽ ወርቅ፣ ጥቂት አክሲዮን፣ ቶሎ የሚወጣ ብር፣ እጅ ላይ ያለ ሙያ። ሙያን ከንብረት ዓይነት የቆጠረ መጽሐፍ አላገኘሁም፤ እኔ ግን ቆጥሬዋለሁ።

ለእህታችን መልስ ስጽፍላት መጀመሪያ "ገንዘቡን መቼ ነው የምትፈልጊው?" ብዬ ጠየቅኳት። "ከሁለት ዓመት በኋላ ልጄ ትምህርት ቤት ትገባለች፣ ለራሴም የልብስ ስፌት ቤት መክፈት እፈልጋለሁ" አለችኝ። ይኼን መጀመሪያ ብትነግረኝ ሦስት ሳምንት አላነብም ነበር! የሁለት ዓመት ገንዘብና የሃያ ዓመት ገንዘብ አንድ አይደሉም። እስካሁን ያወራሁላችሁ መዝገብ በሙሉ የሃያና የሠላሳ ዓመት ነው፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ማንኛውም ዘርፍ በግማሽ ሊወርድ ይችላል። የልጅቷ የትምህርት ቤት ብር አክሲዮን ውስጥ ምንም ሥራ የለውም። የስፌት መኪናዎቹን ደግሞ ዛሬ ብትገዛቸው ብሩ ቢደክምም እነሱ ይሰፋሉ። ከዚያ የሚተርፍ ካለ፣ ለሃያ ዓመት የማትነካው፣ እሱን ከፋፍላ ትንሽ ወርቅ፣ ትንሽ አክሲዮን ታድርገው። እንደዚያ ብዬ ጻፍኩላት።

ምን ብላ መለሰችልኝ መሰላችሁ? "ይኼን ሁሉ ጽፈህ አንዱን አልነገርከኝም እኮ!" ከነሳቂዋ ምልክት። በማግስቱ ግን የስፌት መኪና ዋጋ ጠይቃ ፎቶ ላከችልኝ። ሁለት ዓይነት ነው፣ አዲስና ያገለገለ። የትኛው እንደሚሻል እኔ ከየት አባቴ አውቃለሁ፤ ከእናንተ ውስጥ ልብስ ሰፊ ካለ ማይኩን ክፈትልኝ፣ መጀመሪያ ዕድል የምሰጠው ለእሱ ነው። ከዚያ ወደ ሌላው ጥያቄ እንሄዳለን።